ፊቷን ወደ ግድግዳ ያዞረችው ሴት

«ምንም የለም፣ ብቻ ቶሎ ነይ» የሚል ስልክ ተደውሎላችሁ ያውቃል? እኔ ተደውሎልኛል። ከዚህ የበለጠ የሚያስፈራ ንግግር ካለ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ምንም ከሌለ ለምን እመጣለሁ? የደወሉልኝ ጎሬ የእናቴ ጎረቤት የሆኑት እትዬ ጥሩነሽ ናቸው። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነበር፤ እኔ መቱ በምሠራበት ኮምፒውተር ቤት ተቀምጬ የሰው ማመልከቻ እተይባለሁ።

ስልኩን ዘግቼ ከመሮጤ በፊት ግን ያን ጊዜ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ቀን ቀን እተይባለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ። የተረፈኝን ጊዜ ሁሉ የሚበላው ግን ጌም ነበር። መጫወት ብቻ ቢሆን እናቴም ባልተቆጣች፤ እኛ ግን እየሠራን ነበር። በትልቅ ኩባንያ ሳይሆን በጥቂት ልጆች የተሠራ፣ በየአገሩ ብዙ ሰው የሚወደው አንድ ጌም አለ፤ ስሙን ልተወው። ተጓዥ ሆናችሁ ሰው ሁሉ ዝም ያለባት ከተማ ትገባላችሁ፤ እየተዘዋወራችሁ ሰዉን ታናግራላችሁ፣ ትረዳላችሁ፣ አንዳንዴም ትዋጋላችሁ። የከተማዋ መግቢያ ላይ የጡሩምባ ነፊ መቃብር አለ። የመጀመሪያው ቤት ውስጥ ደግሞ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የተኛች ሴት አለች። ስታናግሯት የንግግር ሳጥን ይመጣና ነጠብጣብ ብቻ ያሳያችኋል። ለምን እንደዞረች ጌሙ እስከ መጨረሻው አይናገርም።

እኛ አድናቂዎቹ ነገሩን እንዲሁ መተው አላስቻለንም። ከዋናው ታሪክ በፊት የሆነውን የሚተርክ ሌላ ጌም በራሳችን ልንሠራ ተነሳን፤ በነፃ፣ ለፍቅሩ ስንል። ጡሩምባ ነፊው እንዴት ሞተ? ከተማዋ ለምን ዝም አለች? ሴትዮዋስ ምን ሆና ነው? ኮዱን የሚጽፈው ናኦል የሚባል የጅማ ልጅ ነው፤ ሥዕሉን የሚሠሩት በአካል አይተናቸው የማናውቅ የውጭ አገር ልጆች ናቸው፤ የእኔ ድርሻ ድምፅ ነበር። የሴትዮዋ ጉዳይ ግን ሊያጣላን ደርሶ ነበር። ናኦል ተረግማ ነው ይላል፣ ሌላው ዓይነ ስውር ናት ይላል። እኔን አንዱም አልጣመኝም፤ የተሻለ ሐሳብ ደግሞ አልነበረኝም።

ድምፁን ከየት እንዳመጣሁትም ማወቅ አለባችሁ። የጡሩምባ ነፊው ሞት የሚለፈፍበት ቦታ ላይ የእኛን አገር የእድር ጥሪ ማስገባት ፈለግኩ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ በቀለ መቱ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የእድራቸውን ለፋፊ ኦቦ ገመቹን አግባቡልኝ። ከተማ ውስጥ ጡሩምባ ቢነፋ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል ብለን፣ በጣም ተጠንቅቀን፣ ከሶር ድልድይ ማዶ ሰው የሌለበት ሜዳ ላይ ሄድን። ኦቦ ገመቹ ሲነፉ በስልኬ ቀዳሁ። ስሙ ላይ ሲደርሱ ግን ነገሩ ተበላሸ። የሰጠኋቸው የፈረንጅ ስም ነበር፤ አንዴ ጠሩት፣ ደገሙት፣ ቲማቲም የሚሸጡ ነው የሚመስለው።

«የማላውቀውን ሰው ሞት ጉሮሮዬ እሺ አይለኝም» አሉኝ አፍረው።

«በል የእኔን ጥራ» አሉ ጋሼ በቀለ ሣሩ ላይ ጋደም እንዳሉ።

«አንተ ሰው፣ ሟርት ነው እኮ።»

«ምን ሟርት አለው? ዕድሜ ልኬን አንተ የሰው ሞት ስትለፍፍ እየሰማሁ ወጥቼ እቀብራለሁ። የእኔ ዕለት ሁሉም ይሰማል፣ የማልሰማው እኔ ብቻ ነኝ። ይሄ አይከነክንም?»

ኦቦ ገመቹ «ዋቃዮ» ብለው አንዴ ወደ ሰማይ አዩና ነፉ። «የእድራችን አባል አቶ በቀለ ስላረፉ፣ ቀብራቸው ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ስለሆነ፣ ወጥታችሁ ቅበሩ ተብላችኋል።» ቀጥለው በኦሮምኛ ደገሙት። ያን ጊዜ ድምፁ መጣ። እኔ ስሙን ቆርጬ ላወጣውና የቀረውን ልጠቀምበት አሰብኩ። ጋሼ በቀለ ግን ዓይናቸው እንባ አቅርሮ «ቆንጆ ነው፤ በስልኬ ላኪልኝ» አሉ። ላክሁላቸው። ለጡሩምባው ያን ያህል ስንጠነቀቅ ስልኩን ማናችንም አላሰብነውም።

እንግዲህ ወደ ቅዳሜው ልመለስ። የእትዬ ጥሩነሽን ስልክ እንደዘጋሁ ያሰብኩት እናቴን ነው። ልቧ ደካማ ነው። አባቴ የሞተ ጊዜ መቱ እንኖር ነበር፤ ሽማግሌዎቹ በማግስቱ ማለዳ በወጉ ሊያረዷት ተዘጋጅተው ሳለ እኔን ከትምህርት ቤት ጠርተው አመጡኝ። አንድ ቃል አልተናገርኩም። በሩ ላይ ቆሜ ሳያት ፊቴን አየችና ወደቀች። ሐኪሙ ከዚያ በኋላ «ድንጋጤ እንዳይነካት» ብሎ አስጠንቅቆናል። እሷ ጎሬ ወደ ወላጆቿ ቤት ተመለሰች፤ እኔ ደግሞ ፊቴን ማመን ተውኩ።

ሚኒባሱ እስኪሞላ ነፍሴ አለቀች። ረዳቱ «ጎሬ፣ ጎሬ» እያለ ይጣራል፣ አንድ ሰው ይገባል፣ አንድ ሰው ረስቼ ነው ብሎ ይወርዳል። እናቴ ጋ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አታነሳም። እትዬ ጥሩነሽ ጋ መልሼ ደወልኩ።

«እናቴ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ተኝታ ነው።»

«በዚህ ሰዓት?»

«ራሷን ትንሽ አሟት ነው። ብቻ ነይ አልኩሽ፣ ኢንተለ ኮ።»

ልጄ ማለታቸው ነው፤ እትዬ ጥሩነሽ ኦሮምኛው የሚመጣቸው ሆዳቸው ሲባባ ነው። አብሮኝ የተቀመጠው ሰውዬ ማልቀሴን አይቶ መስኮቱን ከፈተልኝ። እናቴ ሞታለች ብዬ ቆርጫለሁ። መንገዱን በሙሉ የማስበው የመጨረሻ ቀን ምን እንዳልኳት ነበር፤ ለካ ስለ ስልክ ካርድ ነው የተጨቃጨቅነው።

ጎሬ ዳገቱን ጨርሰን ወርጄ ወደ ሰፈራችን ስታጠፍ ሁለት ወንዶች የድንኳን ብረት ተሸክመው ከፊቴ ይሄዳሉ። እትዬ ጥሩነሽ ጥቁር ሻሽ አስረው ከአጥሩ በር ላይ ይጠብቁኝ ነበር፤ እጄን ይዘው ወደ ጓሮ ጎተቱኝ።

«እናቴ?»

«በሕይወት አለች አልኩሽ እኮ። ውስጥ ተኝታለች፤ አልሰማችም።»

«ምኑን?»

ትከሻዬን አቀፉኝ። «አይዞሽ ልጄ። በቀለ ነው።»

መጀመሪያ የተሰማኝን ብነግራችሁ ትታዘቡኛላችሁ፤ እናቴ ባለመሆኗ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ገረመኝ። «ጋሼ በቀለ? ጠዋት እኮ መናኸሪያ አብረን ሻይ ጠጥተናል። የተማሪ ዩኒፎርም ሊለኩ ወደ ቡሬ ተሳፈሩ። ራሴ ሸኘኋቸው።»

እትዬ ጥሩነሽ በአድናቆት አዩኝ። «ጎሽ። ልክ እንደዚሁ በያት። ቡሬ ሄዷል በያት። ከእኛ ሁሉ ያንቺ ዘዴ ይሻላል።»

«ዘዴ አይደለም፣ እትዬ። በሕይወት አሉ።»

«አዎ፣ አሉ። እንደሱ በይ። ድምፅሽ ብቻ አይንቀጥቀጥ።»

አያችሁ ነገሩን? በእኛ አገር ሰው ሲሞት ለቅርብ ዘመዱ አይነገርም፤ ትንሽ አሞታል ይባላል፣ ሐኪም ቤት ገብቷል ይባላል፣ መንገድ ሄዷል ይባላል፤ ሁሉም ተሰብስቦ መርዶው በማለዳ እስኪነገር ድረስ። እኔም ጥርስ ከነቀልኩ ጀምሮ ለስንቱ ሰው «ደህና ነው» ብያለሁ። ስለዚህ ደህና ናቸው ባልኩ ቁጥር ጋሼ በቀለ ይበልጥ ይሞታሉ። አንድ ሽማግሌ ቀርበው «የምትደብቂው እሷን እንጂ እኛን አይደለም» ብለው መከሩኝ።

እትዬ ጥሩነሽ ስልካቸውን አውጥተው አሰሙኝ። የኦቦ ገመቹ ጡሩምባ፣ ከዚያ «የእድራችን አባል አቶ በቀለ»። ለካ ጋሼ በቀለ ማታ እዚሁ ጎሬ ላለ ልብስ ሰፊ ጓደኛቸው ሊያስቁት ልከውለታል፤ አንድም ቃል ሳይጨምሩ። ጠዋት ስልኩን የከፈተችው ሚስቱ ናት፤ ጮኸች፣ ለጎረቤት ላከች፣ ጎረቤት ለጎረቤት ላከ። ጋሼ ጋ ቢደወል ስልካቸው ዝግ ነው። መቱ ሱቃቸው ሰው ቢላክ ተዘግቷል፤ ኦቦ ገመቹ ደግሞ ስልክ የላቸውም።

«ይሄ እኮ የጌም ነው» አልኩ።

«የምን?»

«የጌም። የጨዋታ።»

«ልጄ» አሉኝ ሽማግሌው ለስለስ ብለው፣ «ለቅሶ ላይ የጨዋታ ነገር አይነሳም።»

ዕቅዳቸውን ነገሩኝ። ከሰዓት መቱ ሄደው ይቀብራሉ፤ ነገ ማለዳ ለእናቴ ይነገራታል፤ እስከዚያ እኔ ከጎኗ ሆኜ አረጋጋታለሁ። ያ ልብ ይህን ሰምቶ ይተርፋል ብሎ የሚያምን ማንም አልነበረም፤ እንዲያውም ነርስ የሆነች የሰፈር ልጅ አስጠርተዋል። እኔ ደግሞ ያለቀሰ ፊቴን ይዤ ከገባሁ ነገሩ እስከ ነገ ተደብቆ እንደማይቆይ አውቃለሁ። በበሩ ቀዳዳ አጮለቅኩ። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አድርጋ ተኝታለች። ትራሷ ተንሸራቶ አንገቷ ተንጋዷል። ገብቼ ላስተካክልላት እጄ በሩን ነካ፤ ዘወር ብላ ብታየኝስ? ተውኩት።

አንድ መንገድ ብቻ ቀረኝ፤ ጋሼ በቀለን በአካል ማምጣት። ከቡሬ ወደ መቱ የሚመለስ መኪና ሁሉ በጎሬ ያልፋል። መንገዱ ዳር ቆሜ ከቡሬ የሚመጣውን ሁሉ ማስቆም ጀመርኩ። «ሜትር አንገታቸው ላይ የጣሉ ሽማግሌ አላያችሁም?» ሹፌሮቹ ያዝኑልኛል፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ያልፋሉ። አንዱ ቡሬ ኔትወርክ ከጠፋ ማደሩን ነገረኝ፤ ለእኔ ግማሽ መፅናኛ ነበር። ሌላው ደግሞ መንገድ ላይ ጭቃ የያዘው መኪና አለ፣ ሰው ወርዶ ይገፋል አለ። ጋሼ በቀለ ሲገፉ ታዩኝ። መኪናው ወደ ኋላ ሲመለስባቸው ታየኝ። ስልካቸው አሁንም «ሊያገኟቸው አይችሉም» ይላል።

ዝናብ ማካፋት ጀመረ። ያኔ ነው ክፉው ሐሳብ የገባኝ። እውነት ቢሆንስ? ያን ሜዳ ላይ እኛ ራሳችን ጠርተነው ቢሆንስ? ኦቦ ገመቹ ሟርት ነው ብለው ነበር፣ እኛ ነን ችላ ያልነው። ጠዋት ሻይ ላይ ጋሼ የተናገሩትን ሁሉ መሰናበቻ አደረግሁት። ስኳር አትጨምሪብኝ ማለታቸው እንኳን አንድ ነገር መሰለኝ። በዚህ መሀል ናኦል ከጅማ ደወለ።

«ድምፁን ሰማሁት፣ ሌሊሴ። ሰውነቴን ነው የወረረኝ። ሰውየው በእውነት የሞተ ነው የሚመስለው።»

«ናኦል፣ እባክህ ዝጋው።»

«ምን አጠፋሁ?»

ዘጋሁበት። እስከ ዛሬ ይቅር አላለኝም መሰለኝ።

የቀብሩ ሰዓት ሲቃረብ ወደ መቱ የሚሳፈሩ ለቀስተኞች መንገዱ ላይ መሰብሰብ ጀመሩ። ልክ እነሱ ቆመው ሳለ ጭቃ በጭቃ የሆነ አይሱዙ ዳገቱን እያቃሰተ ወጣና ቆመ። ከጋቢናው ጋሼ በቀለ ወረዱ። ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነው፤ ሜትሩ አንገታቸው ላይ አለ። አንዲት ሴትዮ መሬት ላይ ቁጭ አለች። አንዱ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ምን ማድረግ እንዳለበት አላወቀም፣ መልሶ አደረገው።

«ምነው፣ ማን ሞተ?» አሉ ጋሼ።

«እርስዎ» አልኳቸው። ከዚያ አለቀስኩ።

ነገሩ ሲገባቸው መሳቅ ጀመሩ፤ ፊቴን ሲያዩ አቆሙ። «አለሚቱ ሰምታለች?» አሉ። እናቴን ማለታቸው ነው። አልሰማችም አልኳቸው። ወደ ቤት በሩጫ ነው የሄዱት፤ ያን ዕድሜ ይዘው እንዴት እንደሮጡ አላውቅም። ሰው ከኋላችን ይከተላል፣ አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ ይሳደባል። እትዬ ጥሩነሽ በግቢያቸው ከተተከለው ድንኳን በር ላይ ሲያዩዋቸው «በቀለ ጂራ?» አሉ፤ አለ ወይ ብለው የሚጠይቁት ራሳቸውን በቀለን ነው።

ሁለታችን ብቻ ወደ መኝታ ቤቱ ገባን። እናቴ እንደተኛች ናት። ጋሼ አልጋው ጫፍ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«አለሚ፣ በቀለ ነኝ።»

አልዞረችም። ትንፋሿ ቆመ መሰለኝ፤ ነርሷን ልጠራ አፌን ከፈትኩ። ከዚያ እጇ ከብርድ ልብሱ ስር ወደ ኋላ መጣ፤ ፊቷ ግን ግድግዳው ላይ ነው። የጋሼን እጅ አገኘች። መርፌ ያጠነከረውን ጣታቸውን ዳሰሰች፣ ደግማ ዳሰሰች፣ ያዘችው። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ቁርስ በልተሃል?» አለች።

«አልበላሁም።»

«ሙት እንግዲህ» ብላ ዞረች። ፊቷ አብጦ፣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ይህ የአሁን ለቅሶ አልነበረም፤ ሲለቀስ የዋለ ፊት ነው። ሁላችንም የደበቅናት ሴት ከጠዋት ጀምሮ ታውቅ ነበር።

ጋሼ ድንኳን ውስጥ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመው ይቅርታ ሲጠይቁ (አንዳንዶቹ ለምን አልሞትክም ብለው ሊገድሏቸው ነበር)፣ እኔ ከእናቴ ጋር ቀረሁ።

«እንዴት አወቅሽ?»

«ጥሩነሽ ስልኳን ስታስጮኸው ግድግዳው ጭቃ ነው እኮ። የገመቹ ድምፅ ደግሞ ይጠፋኛል? አባትሽን የለፈፈ እሱ አይደለም?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? ለምን አልጮህሽም?»

ሜትሩን ጋሼ አልጋው ላይ ረስተውት ነበር፤ ትጠቀልለዋለች፣ ትፈታዋለች።

«አንቺን አስጠርተናል ሲሉ ሰማሁ» አለች። «የአባትሽ ጊዜ ፊትሽን አየሁና ወደቅኩ። እናቴን እኔ ጣልኳት እያልሽ ስትኖሪ አይሻለሁ፤ አታውቅም ብለሽ ነው እንጂ። ዛሬ ካላየሁሽ አንቺም አልነገርሽኝም፣ እኔም አልወደቅኩም ብዬ ነው። ጠዋት ዞርኩ፣ በቃ።»

ምን ትላላችሁ? ድንጋጤ አይችልም የተባለው ልብ ወንድሙን ብቻውን ሲቀብር ውሏል፤ ያውም ለእኔ ብሎ። እኔ ደግሞ በሩ ላይ ቆሜ ለእሷ ብዬ ሳልገባ ተመልሻለሁ። በአንድ በር ወዲያና ወዲህ ሆነን ስንጠባበቅ ዋልን፤ አሁንም ሳስበው ያመኛል። ከዚያ ቀን ወዲህ ፊቴን እናቴ ላይ አላዞርም፤ የሆነውን እንደሆነ እነግራታለሁ፣ እሷም ትነግረኛለች። ስልክ ስደውል ደግሞ ከሰላምታ በፊት «ሁላችንም በሕይወት አለን» እላለሁ። ጓደኞቼ ይስቁብኛል፤ እናንተ ግን ሞክሩት። «ምንም የለም፣ ብቻ ነይ» ከማለት ይሻላል።

መቱ እንደተመለስኩ ናኦል ጋ ደወልኩ። «ሴትዮዋ አልተረገመችም» አልኩት። «ዓይነ ስውርም አይደለችም። ሰምታለች። ልጇ ልትነግራት እየመጣች ነው፤ እንዳትነግራት ነው የዞረችው።» «በቃ፣ እሱ ነው» አለ። የመጨረሻውን ክፍል እንደ አዲስ ሠራነው፤ ተጫዋቹ ልጅቷ ነው፣ ከበሩ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል፣ የሚጫነው ቁልፍ የለም። ከኦቦ ገመቹ ጡሩምባ በኋላ ስም የሚጠራበት ቦታ ላይ የጋሼን ስም አውጥቼ ባዶውን ተውኩት። ጌሙን ከለቀቅነው በኋላ ከየአገሩ የጻፉልን ሰዎች የሚያነሱት ያንኑ ቦታ ነው።

ጋሼ በቀለ ያንን ቀን ሲያነሱ «ለቅሶዬን አየሁት፣ ሰው ነበረኝ» ይላሉ። እናቴን አንድ እሁድ ላፕቶፑን ይዤ ጎሬ ሄጄ አሳየኋት። ጌም አይታ አታውቅም፤ መነጽሯን አድርጋ ወደ ግድግዳ የዞረችውን ሴት ብዙ አየቻት። ማን እንደሆነች አልጠየቀችኝም።

«ትራሷን ከፍ አድርጉላት» አለች። «እንዲህ ሆና ስትውል አንገቷን ያማታል።»

ናኦል ዋናው ጌም ላይ ትራሱ ዝቅ ያለ ነው፣ መለወጥ አንችልም ብሎ ተከራከረኝ። ከፍ አደረግንላት።